ዐፄ ቴዎድሮስና የጉዞ ሒሳብ

የሒሳብ አስተማሪ ሆኜ ሳለ የንጉሠ ነገሥት ታሪክ ለመጻፍ መነሣቴ ለአንዳንድ አንባቢ ድፍረት ሊመስል ይችላል። እኔም በመጀመሪያ እንዲሁ መስሎኝ ብዙ ጊዜ አመንትቼአለሁ። ነገር ግን ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝ የታሪክ ፍቅር ብቻ ሳይሆን በክፍል ውስጥ የገጠመኝ ችግር ስለ ሆነ፣ ነገሩን ከመነሻው ላስረዳ።

በአልጀብራ ትምህርታችን ውስጥ የአንጻራዊ ፍጥነት ጥያቄ የሚባል አለ። ሁለት መንገደኞች ከሁለት ቦታ ይነሡና ወይ ፊት ለፊት ይገናኛሉ፣ ወይም አንዱ ሌላውን ተከትሎ ይደርስበታል፤ ተማሪውም ፍጥነታቸውን ወይም የሚገናኙበትን ቀን ፈልግ ይባላል። መጻሕፍቱ መንገደኞቹን አብዛኛውን ጊዜ ባቡር ያደርጓቸዋል። ጎንደር ግን የምድር ባቡር የማያልፍባት ከተማ ናት። ተማሪዎቼ ያላዩትን ባቡር በሐሳባቸው ለመሳል ሲደክሙ ሒሳቡ ያመልጣቸው ነበር። ስለዚህ አንድ ቀን ባቡሮቹን ትቼ አንዱን መንገደኛ በበቅሎ የተቀመጠ መልእክተኛ፣ ሁለተኛውን ጭነት የሚነዳ ነጋዴ አደረግኋቸው።

ከጎንደር እስከ ደባርቅ በመኪናው መንገድ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መልእክተኛው ከጎንደር፣ ነጋዴው ከደባርቅ ባንድ ማለዳ ተነሥተው ፊት ለፊት ቢመጣጡ በ2 ቀን ይገናኛሉ እንበል። ነጋዴው ግን ፊቱን ወደ አክሱም አዙሮ ሊማሊሞን ቢወርድና መልእክተኛው ቢከተለው፣ የሚደርስበት በ10 ቀን ነው። የእያንዳንዳቸው የቀን ጉዞ ስንት ነው? የመልእክተኛውን የቀን ጉዞ መ፣ የነጋዴውን ነ እንበለው። ፊት ለፊት ሲመጣጡ ፍጥነታቸው ይደመራል፤ አንዱ አንዱን ሲከተል ግን ይቀናነሳል። ስለዚህ

2(መ + ነ) = 100
10(መ − ነ) = 100

ይሆናል። ከመጀመሪያው መ + ነ = 50፣ ከሁለተኛው መ − ነ = 10 ይገኛል። ሁለቱን ብንደምራቸው ነ ይጠፋና 2መ = 60 ይቀራል፤ እንግዲህ መ = 30፣ ነ = 20 ነው። አንዱ እኩልዮሽ ብቻውን ቢሆን መልስ አይሰጥም፤ ሁለቱ ሲቀመጡ ግን ሁለቱም ያልታወቁ ቁጥሮች ይወጣሉ።

ባቡሩ በቅሎ በመሆኑ ክፍሉ በሙሉ ሠራው። ደስ ብሎኝ ጠመኔዬን ሳስቀምጥ ከኋላ ወንበር አንድ ተማሪ እጁን አነሣና ያላሰብሁትን ጠየቀኝ። አያቱ ሁልጊዜ የሚነግሩት አንድ ነገር አለ፤ ዐፄ ቴዎድሮስ ያን ከባድ መድፍ ሲጎትቱ ዘግይተው እንግሊዞች ቀደሟቸው፣ ባይዘገዩ ኖሮ ያሸንፉ ነበር የሚል። ይህ በሒሳብ ሊታወቅ ይችላል ወይ አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ለዕረፍት ስንዘጋ የታሪክ መጻሕፍትና አንድ ትልቅ ካርታ ይዤ ቤቴ ገባሁ። ከዚህ በታች ያለው የዚያ ዕረፍት ፍሬ ነው።

ካሣ ኃይሉ በ1811 ዓ.ም. ገደማ ከጎንደር በስተ ምዕራብ በቋራ ተወለደ። አባቱ ኃይሉ ወልደ ጊዮርጊስ ከአገሩ መኳንንት ወገን ነበሩ፤ እናቱ ወይዘሮ አትጠገብ ወንድበወሰን ከባላቸው ከተለዩ በኋላ በድህነት ኖሩ። ጠላቶቹ በኋላ የኮሶ ሻጭ ልጅ እያሉ የሚሰድቡት ከዚህ የተነሣ ነው። ካሣ በልጅነቱ በገዳም ተቀምጦ የቤተ ክህነት ትምህርት ተማረ፤ ገዳሙ በጦር ሲመታ ከሞት አምልጦ ወጣ። ከዚያም በዘመዱ በደጃዝማች ክንፉ ቤት አደገ፤ ክንፉ በሞቱ ጊዜ ርስቱ ለሌሎች ስለ ተሰጠ ወደ ቋራ በረሓ ወርዶ ሸፈተ።

የሽፍታ ኑሮ ለጉዞ ሒሳብ ጥሩ ትምህርት ቤት ሳይሆን አይቀርም። ሽፍታ ድንኳንም መድፍም የለውም፤ ስንቁን በትከሻው ይዞ ሌሊት ይሄዳል፤ የሚያሳድደው የመኳንንት ጦር ግን እንጀራ ጋጋሪውን፣ ጠጅ ጣዩንና ጭነቱን ሁሉ አስከትሎ ይንፏቀቃል። በዚያ ዘመን አንድ መስፍን ሲዘምት ከተማው አብሮት ይዘምት ነበርና፣ በሁለቱ ፍጥነት መካከል ያለው ልዩነት ሁልጊዜ ለካሣ ያደላ ነበር።

የበላይ ገዥዎቹ ራስ አሊና እናታቸው እቴጌ መነን በኃይል ሊይዙት ስላልቻሉ የራስ አሊን ልጅ ተዋበችን ዳሩለት። ጋብቻው ለፖለቲካ የተደረገ ቢሆንም ካሣ ሚስቱን ከልቡ ወደዳት፤ እርስዋም በ1850 ዓ.ም. እስክትሞት ድረስ የልቡ አማካሪ ነበረች ይባላል። ይሁን እንጂ ከአማቱ ጋር ሰላም አልሰነበተም።

በ1840 ዓ.ም. ካሣ ወደ ሱዳን ወሰን ወርዶ ደባርቂ በሚባለው ስፍራ የግብፅን ጦር ገጠመ። (ይህ ደባርቂ ከላይ በሒሳቡ ካነሣነው ከደባርቅ ጋር አንድ አይደለም፤ ብዙ ተማሪ ያምታታዋል።) ጠላቱ ቁጥሩ ትንሽ ቢሆንም ምሽግና መድፍ ነበረው። የካሣ ጀግኖች እየሮጡ መድፉ አፍ ላይ ወደቁ። እስከዚያ ቀን ድረስ ፍጥነትና ድፍረት ያልፈታለት ነገር አልነበረም፤ ያን ቀን ግን ሁለቱም አልረዱትም። ከዚያ በኋላ ባለው ዘመኑ ሁሉ መድፍ ከአእምሮው አልወጣም። እኔ እንደሚመስለኝ የሴባስቶፖል ታሪክ የሚጀምረው ጋፋት ላይ ሳይሆን ደባርቂ ላይ ነው።

በ1845 ዓ.ም. ያደረገው ግን አሁንም በእግር ፍጥነት የተደረገ ነው። በኅዳር ደጃዝማች ጎሹን ጉር አምባ ላይ፣ በሚያዝያ የራስ አሊን መኳንንት ጎርጎራ ብቸኝ ላይ፣ በሰኔ ራስ አሊን ራሳቸውን ጎጃም ተሻግሮ አይሻል ላይ ድል አደረገ። ካርታ ገልጦ የሚያይ ሰው በስምንት ወር ውስጥ ጣናን እንዴት እንደ ዞረው ይረዳል። በ1846 ዓ.ም. ብሩ ጎሹን ያዘ። የቀሩት የሰሜንና የትግሬ ገዥ ደጃዝማች ውቤ ብቻ ነበሩ።

ውቤ በሰሜን ተራሮች ላይ ደረስጌ ማርያምን አሠርተው ለራሳቸው ንግሥ አዘጋጅተዋት ነበር። ሰሜን ብርድ ነው፤ ገደሉም ከደባርቅ ወዲያ ያለውን የሚያውቅ ያውቀዋል። ካሣ ያን ዳገት ሠራዊቱን ይዞ ወጣና የካቲት 3 ቀን 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ላይ ውቤን ማረከ። ከሁለት ቀን በኋላ፣ የካቲት 5 ቀን፣ ውቤ ባሠሩት ቤተ ክርስቲያን በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብቶ ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተባለ። ጦርነቱም፣ ምርኮውም፣ ንግሡም በሦስት ቀን ውስጥ አለቀ። ከዚህ ወዲያ እኔም እንደ ሥርዓቱ አንቱ እላቸዋለሁ።

ዐፄ ቴዎድሮስ ያሰቡት ብዙ ነው። ሠራዊቱ ደመወዝ ተቀብሎ ባላገሩን እንዳይዘርፍ፣ መኳንንቱ ሁሉ ላንድ ንጉሥ እንዲገዙ፣ መንገድ እንዲሠራ ፈለጉ። መንገድ ሲሠራ ራሳቸው ድንጋይ እየተሸከሙ ያሠሩ እንደ ነበር በአጠገባቸው የነበሩ ፈረንጆች ጽፈዋል። መናገሻቸውን ከጎንደር ይልቅ ደብረ ታቦርና መቅደላ ላይ አደረጉ፤ በዚህ ጎንደሬ እስከ ዛሬ ቅር ይለዋል።

ነገር ግን ከነገሡ በኋላ የሒሳቡ ዓይነት ተለወጠ። ቀድሞ እርሳቸው የሚባረሩ፣ ሌላው አባራሪ ነበር። አሁን አባራሪው እርሳቸው ሆኑ፤ የሚባረረውም አንድ አልነበረም። ጎጃም ላይ ተድላ ጓሉ፣ ላስታ ላይ ዋግሹም ጎበዜ፣ ወልቃይት ላይ ጢሶ ጎበዜ ሸፈቱ። በ1852 ዓ.ም. ወዳጃቸው የእንግሊዝ ቆንሲል ፕላውደን ጎንደር አጠገብ በሽፍቶች ቆስሎ ሞተ። በ1857 ዓ.ም. ምኒልክ ከመቅደላ አምልጦ ሸዋ ገባ። በክፍል ውስጥ አንድ አባራሪና አንድ ተባራሪ ስናስቀምጥ ፈጣኑ መድረሱ አይቀርም። ተባራሪዎቹ በአራት አቅጣጫ ሲበተኑ ግን አንዱን ለመያዝ በተጓዘ ቁጥር ከሦስቱ እየራቀ ይሄዳል፤ ለዚህ የሚሆን እኩልዮሽ በዘጠነኛ ክፍል መጽሐፍ የለም።

የደብዳቤውንም ነገር ማንሣት ያስፈልጋል። በጥቅምት 1855 ዓ.ም. ለእንግሊዝ ንግሥት ለቪክቶሪያ ጻፉ፤ ደብዳቤው በየካቲት ለንደን ደረሰ። በእንስሳትና በመርከብ አራት ወር ያህል መውሰዱ ለዚያ ዘመን ዘገየ አይባልም። የዘገየው ከደረሰ በኋላ ነው፤ መልስ ሳያገኝ መሥሪያ ቤት ውስጥ ከዓመት በላይ ተቀመጠ። ንጉሡ እንደ ተናቁ ቆጠሩትና በ1856 ዓ.ም. ቆንሲል ካሜሮንን ከሌሎች ፈረንጆች ጋር አሰሩ። የእንግሊዝን ጦር ያመጣው ይህ እስራት ነው።

ልባቸው እየመረረ ሲሄድ ጭካኔያቸው በረታ። ይህን ለጎንደር ተማሪ ሳልናገር ባልፍ ደግ አላደረግሁም። በኅዳር 1859 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ተነሥተው በድንገተኛ ግስጋሴ ጎንደር ገቡ፤ ከተማዋን ዘረፉ፣ አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጠሉ፣ መጻሕፍቱንና ንዋያተ ቅድሳቱን ጭነው ወሰዱ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ከተረፉት አንዷ ናት። ለካሣ ዙፋን ያስገኘለት ያ የሌሊት ግስጋሴ የመጨረሻ ፍሬው ይህ ሆነ።

እንግዲህ ወደ መድፉ እንምጣ። በደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት በሚባለው ስፍራ የወንጌል ሰባኪ ሆነው የመጡ የአውሮፓ የእጅ ሠሪዎች ነበሩ። ንጉሡ መድፍ ሥሩልኝ ብለው አስገደዷቸው። እነርሱም መድፍ ሠርተው የማያውቁ ሲሆኑ እየሞከሩ፣ እየከሸፈባቸው፣ በመጨረሻ 7 ቶን ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን አቀለጡ። ስሙ በክራይሚያ ጦርነት ጊዜ ከተከበበችው ከተማ የተወሰደ ነው። ክረምቱ ካለፈ በኋላ መስከረም 30 ቀን 1860 ዓ.ም. ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ መድፎቻቸውንና ሕዝባቸውን ሁሉ ይዘው ወደ መቅደላ ተነሡ።

በዚያው ወራት የእንግሊዝ የፊት ጓድ በቀይ ባሕር ዳር ዙላ ላይ ይወርድ ነበር። ከህንድ የመጣው ይህ ሠራዊት 13,000 ያህል ወታደር፣ 44 ዝሆን፣ ከባሕሩ ዳር ወደ ተራራው ግርጌ የተዘረጋ አጭር የምድር ባቡር ሳይቀር ነበረው። (ባቡሩን ከሒሳቡ ባስወጣው ከታሪኩ አልወጣልኝም።) አዛዡ ሰር ሮበርት ናፒየር በጥር አጋማሽ ገደማ ከዙላ ተነሣ። ሁለቱም የሚሄዱት ወደ አንድ አምባ ነው።

የተማሪዬ ጥያቄ እዚህ ላይ ነው። ማስመሪያዬን በካርታው ላይ አጋድሜ በቀጥታ መስመር ስለካ ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ 155 ኪሎ ሜትር፣ ከዙላ እስከ መቅደላ 450 ኪሎ ሜትር ያህል አገኘሁ። በእግር የሚሄደው መንገድ ለሁለቱም ከዚህ ይበልጣል፤ የእንግሊዞቹ 640 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ነበር ተጽፏል። ነገር ግን ሁለቱን ባንድ ሚዛን ለማየት ቀጥታውን መስመር መረጥሁ። ንጉሡ በመጋቢት አጋማሽ ማለፊያ ላይ መቅደላ ደረሱ፤ መጋቢት 17ን ብንይዝ ከተነሡ 167ኛው ቀን ነው። 155ን ለ167 ብናካፍል 0.93 ይሆናል። በቀን አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም! ናፒየር ጥር 17 ገደማ ተነሥቶ ሚያዝያ 3 ቀን አሮጌ ሜዳ ላይ ነበር፤ ይህም 76 ቀን ስለ ሆነ በቀን 6 ኪሎ ሜትር ያህል ይመጣል። ጥር 17 ከመስከረም 30 ጀምሮ 107ኛው ቀን ነው።

ቀ ከመስከረም 30 ወዲህ ያለፉት ቀኖች፣ ር ደግሞ እስከ መቅደላ የቀረው ርቀት ይሁን። የንጉሡ ጉዞ

ር = 155 − 0.93ቀ

የናፒየር ጉዞ

ር = 450 − 6(ቀ − 107)

ይሆናል፤ ሁለተኛው ሲዘረዘር ር = 1092 − 6ቀ ነው። ናፒየር ሲነሣ ንጉሡ ገና 55 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀራቸው ነበር፤ በቀሪው መንገድ የሁለቱ ልዩነት 395 ያህል ነው። ይህ ልዩነት በየቀኑ በ6 − 0.93፣ ማለት በ5.07 ኪሎ ሜትር ይጠባል። አንጻራዊ ፍጥነት የሚባለው ይህ ነው። ሁለቱ ከአምባው እኩል የሚርቁበትን ቀን ለማግኘት ሁለቱን እኩልዮሾች ብናስተካክል 5.07ቀ = 937፣ ስለዚህ ቀ = 185 ገደማ ይወጣል። ይህን በመጀመሪያው ብንተካ ር = −17።

እዚህ ላይ ደንግጬ ሒሳቡን ሦስት ጊዜ ደገምሁት። ርቀት ከዜሮ በታች ሊሆን አይችልም። ስሕተት ግን አልነበረም። ሁለቱ መስመሮች የሚገናኙት ከመቅደላ 17 ኪሎ ሜትር አልፎ ነው ማለት ነው፤ ከመቅደላ በፊት አይገናኙም። በሌላ አነጋገር መቅደላ ከቦታው 17 ኪሎ ሜትር ርቆ ቢገኝ ኖሮ ሁለቱም ባንድ ቀን ይደርሱ ነበር፤ ከዚያም ቢብስ ንጉሡ መድፋቸውን እየጎተቱ በመንገድ ላይ ይያዙ ነበር። አምባው ባለበት ግን እርሳቸው ከግማሽ ወር በላይ ቀደሙ። የተማሪዬ አያት በዚህ ነገር ተሳስተዋል፤ ንጉሡ አልዘገዩም።

ይህ ሒሳብ አማካይ ብቻ መሆኑን አልደብቅም። በእውነት አንዳንድ ሳምንት ከቦታቸው አልተንቀሳቀሱም፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ ደህና ሄዱ። ጨጨሆን ወጥተው ዋድላን ከተሻገሩ በኋላ የዥጣን ገደል መውረድና መውጣት፣ ከዚያም ደላንታን አቋርጦ የበሽሎን ገደል እንዲሁ ማድረግ ነበረባቸው። ከገደሉ ጫፍ ቆሞ ወዲያ ማዶ የሚያይ ሰው ማዶው በእጅ የሚነካ ይመስለዋል። 7 ቶን ብረት በጋሪ አስቀምጦ ለማሻገር ግን ዓለቱን ፈንቅሎ መንገድ ማውጣት ግድ ነው፤ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች በጠፍር እየሳቡ፣ ሲወርድ ደግሞ ወደ ኋላ እየያዙ። አገሩ ሸፍቶባቸዋል፤ ቀለብ የሚሸጥ የለም፤ ሌሊት ሌሊት ወታደሩ ይከዳል። ንጉሡ ግን ድንጋዩን በገዛ እጃቸው ያነሡ ነበር።

እኔን ከሁሉ በላይ ያስገረመኝ ደግሞ ከዚህ በኋላ ያነበብሁት ነው። የእንግሊዝ ሠራዊት ከላስታ በኩል መጥቶ ዋድላ ሲደርስ የዥጣን ገደል የተሻገረው ዐፄ ቴዎድሮስ ለሴባስቶፖል ባሠሩት መንገድ ነው። ወደ በሽሎም የወረደው በዚያው ነው። በክፍል ውስጥ የሁለቱን መንገደኞች ፍጥነት ስናስቀምጥ አንዱ ለሌላው ደንታ እንደሌለው አድርገን ነው፤ መልእክተኛው ቢፈጥን ነጋዴው በዚያ ምክንያት አይፈጥንም። እዚህ ግን የቀዳሚው ድካም የተከታዩን ፍጥነት ጨመረ። መንገዱ ባይኖርና እንግሊዞቹ በቀን 5 ኪሎ ሜትር ብቻ ቢሄዱ እንበል፤ 450ን ለ5 ብናካፍል 90 ቀን፣ መድረሻቸው ሚያዝያ 17 ይሆን ነበር። በእርግጥ የሁለት ሳምንት መዘግየት የጦርነቱን ውጤት ይለውጥ ነበር ለማለት አልደፍርም። ናፒየርን ያስጨንቀው የነበረው ክረምቱ ነበርና፣ ሰኔ ገና ሩቅ ነው። የመንገዱን ነገር ግን ካነበብሁ ወዲህ ያን እኩልዮሽ ስጽፍ 6 ቁጥር ላይ እጄ ይዘገያል።

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. የስቅለት ዕለት ነበር። ፊታውራሪ ገብርዬ ሠራዊቱን ይዞ ከአምባው ወደ አሮጌ ሜዳ ወረደ። ስድስት ወር ሙሉ የተጎተተው ሴባስቶፖል ያን ቀን የታሰበውን ሥራ አልሠራም። እንግሊዞቹ ቶሎ ቶሎ የሚተኩስ አዲስ ጠመንጃ ይዘዋል። ገብርዬ ወደቀ፤ ከኢትዮጵያውያን ወገን 700 ያህል ሰው ሞተ፤ ከእንግሊዞቹ በቁስል የሞቱት ሁለት ብቻ ናቸው ተብሎ ተጽፏል። ንጉሡ የታሰሩትን ፈረንጆች ለቀቁ። እጅ መስጠትን ግን እምቢ አሉ። በፋሲካ ማግስት ሰኞ፣ ሚያዝያ 6 ቀን፣ እንግሊዞቹ የአምባውን በር ሰብረው ሲገቡ ቀድሞ ከንግሥት ቪክቶሪያ በስጦታ በመጣላቸው ሽጉጥ ራሳቸውን ገደሉ። ዕድሜያቸው ሃምሳ ዓመት ያህል ነበር።

ከጎንደር የተጫነው መጽሐፍና ዕቃ እንደገና ተጫነ፤ 15 ዝሆንና 200 ያህል በቅሎ ተሸክመውት ወረዱ። ከብራና መጻሕፍቱ 350 ያህሉ ዛሬ በለንደን በብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። እቴጌ ጥሩወርቅ በመንገድ ሞቱ። ሕፃኑ ልዑል ዓለማየሁ ወደ እንግሊዝ አገር ተወስዶ በ18 ዓመቱ በዚያው ሞተ። ሴባስቶፖልን ግን ማንም አልወሰደውም፤ ከባድ ነዋ። ዛሬም መቅደላ ላይ አለ፤ በአዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ የቆመው አምሳያው ነው።

ትምህርት ሲከፈት ይህን ሁሉ ሳልናገር ሁለቱን እኩልዮሾች ብቻ በሰሌዳ ላይ ጽፌ አሠራኋቸው። አብዛኛው ተማሪ −17 ላይ ሲደርስ እንደኔው ደንግጦ በላጲስ ደመሰሰው፤ አንዳንዱም ምልክቱን ብቻ አጥፍቶ 17 ብሎ አስረከበ። ከዚያ ትርጉሙን ስገልጽ ያ የኋላ ወንበር ተማሪ ለአያቱ እንዲነግር ተስማማን። አያቱ ግን መቅደላ በጊዜ ደርሰው ከሆነማ ለምን ተሸነፉ ብለው እንደ መለሱለት በማግሥቱ ነገረኝ፤ ይህን ለታሪክ አስተማሪው እንዲወስደው መከርሁት።

በሳምንቱ ደብተር ስሰበስብ ያላዘዝሁት አንድ ሒሳብ አገኘሁ። የሠራችው በክፍሉ ውስጥ ብዙ የማትናገር ልጅ ናት፤ ቤተሰቧ በዚያ ጊዜ ከተቃጠሉት አብያተ ክርስቲያናት በአንዱ አጥቢያ ይኖራል። እርስዋም እንደኔ ማስመሪያዋን ካርታ ላይ አጋድማ ከደብረ ታቦር እስከ ጎንደር ቀጥታውን ለክታ 100 ኪሎ ሜትር ያህል አግኝታለች። ንጉሡ በኅዳር 1859 ዓ.ም. ወደ ጎንደር ሲመጡ በግስጋሴ ሳይሆን ሴባስቶፖልን እየጎተቱ ቢሆን ኖሮ በስንት ቀን ይደርሱ ነበር ብላ ራስዋን ጠይቃ፣ 100ን ለ0.93 አካፍላ 107 ቀን ጽፋለች። ከሥሩ በትንንሽ ፊደል፣ በ107 ቀን ውስጥ ታቦቱንም መጻሕፍቱንም ከከተማ ማውጣት ይቻል እንደ ነበር አስፍራለች።

ማካፈሉ ትክክል ነበር። ሙሉ ማርክ ሰጠኋት።